ሠላሳ አራት ደቂቃ ወደ ማዶ

ወደ ደሴታችን አየር ማረፊያ ስልክ ደውሎ «ወደ ማዶ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሉ መልሱን የሚሰማው ከአንድ ሰው አፍ ነው። የዚህ ሰው ስም መታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ውጭ ሲጠራበት ሰምቼ አላውቅም። ትልቁም ትንሹም «ደቂቃ» ነው የሚለው። ገሚሱ ቁጥር አክባሪነቱን አይቶ ያወጣለት ስም ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ቁመቱን አይቶ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን ስለማይነካ ከጠረጴዛው ሥር ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አስቀምጦ ይረግጣል። እሱ ራሱ ሲጠየቅ «ሁለቱም ልክ ነው፤ ልኬን ግን እኔ አላወጣሁትም» ብሎ ወደ ላይ ያመለክታል።

እኔ የዚያው ጣቢያ ሻንጣ መዛኝ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከእሱ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ርቄ ሚዛኔ አጠገብ ቆሜአለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

ጣቢያችን አንድ ረጅም ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የእኔ ሚዛን፣ የደቂቃ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ ፋክስና አንድ ሬዲዮ አለን። ወደ ማኮብኮቢያው የሚያሳየው መስኮት አንዱ መስተዋቱ ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ደቂቃ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ርቀት፦ ስልሳ አራት የባሕር ማይል፣ ማለትም መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል። በረራ፦ ሠላሳ አራት ደቂቃ» ይላል። ማዶ የምንላት ትልቋ ደሴት ናት። ሆስፒታሉ እዚያ ነው፣ ፍርድ ቤቱ እዚያ ነው፣ ከባድ ነገር ሁሉ እዚያ ነው።

ደቂቃ የአቪየሽን ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ወደ ጣቢያው የመጣው በጽዳት ሠራተኝነት ነበር። አንድ አብራሪ ጥሎት የሄደ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አግኝቶ፣ የነፋስና የርቀትን ሒሳብ ከሱ ለብቻው ተማረ። ያልገባውን ገጽ በሚቀጥለው አብራሪ ላይ አፍጥጦ እየጠየቀ፣ ከአራት ዓመት በኋላ መጥረጊያውን አስቀምጦ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት እያንዳንዱን በረራ በደብተር መዝግቧል፤ መቼ ተነሣ፣ መቼ አረፈ፣ ነፋሱ ከየት ነበር፣ ከፍታው ስንት ነበር። ማንም አላዘዘውም። «አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ» ይላል።

የማይወደው ቃል አንድ ነው፤ «ገደማ»። አንድ መንገደኛ «ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው አይደል?» ቢለው፣ «ገደማ የሚባል አየር ማረፊያ የለንም። ከዚህ ትነሣለህ፣ ማዶ ታርፋለህ፣ ሠላሳ አራት ደቂቃ ነው» ብሎ በሰው ፊት አሳፍሮታል።

የምነግራችሁ ቀን ነፋስ ከማዶ ወደ እኛ በሚነፍስበት ወር ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ደቂቃ የአራት ሰዓቱን በረራ ቅጽ እየሞላ ስለነበር መነጋገሪያውን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ አነሣው። የክሊኒኳ ነርስ ነበረች፤ ወደ ደሴታችን ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። ድምጿ እስከ እኔ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ሕመምተኛ ወደ ማዶ ልንወስድ ነው። በረራው ስንት ደቂቃ ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ደቂቃ ብዕሩን አቆመ። «ልጄ፣ አንቺ ለአገሩ አዲስ ነሽ መሰለኝ» አላት። «ሠላሳ አራት። ሰዓትሽን አስተካክይበት።» መነጋገሪያውን አስቀመጠና እኔን አየኝ። «እርግጠኛ ነዎት ትለኛለች!»

አራት ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት የሚናገረው ወረቀት ከማዶ በፋክስ መጣ። ደቂቃ ግን አላየውም። ለአራት ሰዓቱ በረራ ትኬት የያዙትን ሦስት ሰዎች «ሕመምተኛ ስላለ ወንበሩ ይፈታል፤ እናንተ ከሰዓት ትሄዳላችሁ» እያለ ያግባባ ነበርና ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተገለበጠ ተቀመጠ።

አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ የክሊኒኩ ፒክአፕ ደረሰ። ቃሬዛው ላይ የተኙት ጀልባ ሠሪው ነበሩ። በደሴታችን ከሚንሳፈፈው ጀልባ ግማሹ ከሳቸው እጅ የወጣ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ትከሻቸው አሁንም እንደ በር ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከአምስት ቀን በፊት የጀመራቸው የሳንባ ሕመም አፋቸውን አጥቁሮታል። ጭምብል ተደርጎላቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ባለቤታቸው በአንድ እጃቸው ቃሬዛውን፣ በሌላው የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው እያነከሱ ይከተላሉ።

ጀልባ ሠሪው ደቂቃን ሲያዩ ጭምብሉን በጣታቸው ከፍ አደረጉት። «ደቂቃ» አሉት፣ አንዱን ቃል ከሌላው ለማገናኘት እየታገሉ። «ትንፋሼን… እንዳትቆጥርብኝ።»

«ለርስዎ ነፃ ነው ጋሼ» አላቸው። ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ነርሷ ተቆጥታ ጭምብሉን መለሰችው።

በእኛ ጣቢያ ወደ ትንሿ አውሮፕላን የሚገባ ነገር ሁሉ ይመዘናል፤ ሕመምተኛም ቢሆን። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ደቂቃ ቅጹ ላይ ይጽፋል። «ቃሬዛ ከነሰውየው፣ ዘጠና አንድ። ነርሷ፣ ስልሳ ሁለት። ቦርሳ፣ አራት። የኦክስጅን ሲሊንደር አንድ፣ ስምንት ኪሎ።»

ብዕሩ ቆመ።

«ሲሊንደር ስንት አልክ?»

«አንድ።»

ደቂቃ ቀና ብሎ ነርሷን አየ። «ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ክሊኒክ ነው» አለች። «ሙሉው ሰባ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ከክሊኒክ እዚህ ሃያ ሁለት፣ በረራው ሠላሳ አራት። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይተርፋል። እርስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩኝ?»

ደቂቃ የነፋስ ወረቀቱን ገለበጠ። ፊቱን አይቼዋለሁ። ሰው ደረጃ አለ ብሎ ባዶ ላይ ሲረግጥ የሚመስለውን መሰለ።

ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ ይናገር ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ሃያ ሁለት መንገድ ላይ፣ ሁለት እዚህ ሄዷል። አሁን የቀረው ሃምሳ አንድ። ጭነን፣ ሞተር አስነሥተን፣ ማኮብኮቢያው ጫፍ እስክንደርስ አሥራ ሁለት። ሠላሳ ዘጠኝ ቀረ። ሠላሳ አራቱ ነፋስ በሌለበት ቀን ነው። ዛሬ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። በዚህ ነፋስ አርባ ሰባት ነው።» ብዕሩን አስቀመጠ። «ከማረፋቸው ስምንት ደቂቃ በፊት፣ ባሕር ላይ፣ ያልቃል።»

የጣሪያው ቆርቆሮ በነፋሱ ይንኳኳ ነበር።

ስለዚህች ቅጽበት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ዝም ማለት ይችል ነበር። ዘግይቶ ቢደርስ ነፋሱ ነው ይባል ነበር፤ ሰውየውም ቀድሞውኑ ክፉኛ ታመው ነበር ይባል ነበር፤ ማንም የእሱን ጠረጴዛ አያይም ነበር። ፈጣሪ ይመስገን ዝም አላለም።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ፣ ባለቤታቸው እየሰሙ። «በረራውን ጠየቅሽኝ፣ በረራውን መለስኩልሽ። ለምን እንደጠየቅሽኝ ግን አልጠየቅኩሽም።»

ነርሷ አፏን ከፈተች። ልትቆጣ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ግን ሰዓቷን አየችና ቁጣውን ዋጠችው።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ባለቤታቸው። «ያልቅበታል ማለት ነው? ሁለተኛውን አስመጡት!»

«እትዬ፣ ያለን መኪና ይኸው አንዱ ነው፤ ሄዶ እስኪመለስ መንገዱ ብቻ አርባ አራት ደቂቃ ነው። ለማውጣትና ለመጫን አሥር ይጨምሩበት፤ ይኸኛው እዚሁ ያልቃል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው? አንተ ቁጥር ስትቆጥር ባሌ ይሙት?»

ደቂቃ ተነሣ። በሩን ከፍቶ ወደ አውሮፕላኑ ሮጠ። ያን ሰው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። እኔና ሾፌሩ ቃሬዛውን አንሥተን ተከተልነው። ነፋሱ የነርሷን ሻርፕ ከአንገቷ ነጥቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው፤ ዞራም አላየችው።

አብራሪው ክንፉ ሥር ቆሞ ነበር። ደቂቃ ነገሩን በአራት ቃል ነገረውና «ዝቅ ብለህ ሂድ» አለው።

«ምን ያህል ዝቅ?»

«ሁለት ሺህ ጫማ። ነፋሱ ከላይ ነው የሚከፋው።»

አብራሪው ወደ ባሕሩ አየ። ማዕበሉ ነጭ ነጭ ይላል። «ጋሽ ደቂቃ፣ በዚህ ነፋስ ዝቅ ብዬ ከሄድኩ እንደ ወንፊት ነው የሚያንገዋልለን። ሰውየው ይችለዋል?»

«በእንዲህ ያለ ነፋስ ዝቅ ብለው የሄዱ አሥራ አንድ በረራዎች ደብተሬ ላይ አሉ። ከአርባ ሁለት ደቂቃ ያለፈ የለም።»

«ከፍ ብለው የሄዱትስ?»

«አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት። አንዱ ሃምሳ አንድ።»

አብራሪው ወደ ነርሷ ዞረ። እሷ ሕመምተኛው ጣት ላይ የተሰካችውን ትንሽ የደም ኦክስጅን መለኪያ እያየች ነበር። «ዘጠና አራት ይላል» አለች። «ኦክስጅኑን ከአሥር ሊትር ወደ ስምንት ብቀንሰው ጊዜ እናተርፋለን። ከዘጠና በታች ከወረደ ግን እመልሰዋለሁ። ያኔ ደብተር አያግደኝም።»

«ማንም አያግድሽም» አላት ደቂቃ።

ቃሬዛው የተፈቱትን ወንበሮች ቦታ ሁሉ ስለያዘ ከጎኑ የተረፈው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም የነርሷ ነው። ባለቤታቸው በበሩ ጎንበስ ብለው የባላቸውን እግር ጨበጡ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ጀልባ ሠሪው ግን አውራ ጣታቸውን ቀና አደረጉ፤ በሥራ ቦታቸው ለረዳቶቻቸው «ምስማሩን ምታ» ሲሉ የሚያሳዩት ምልክት ነው።

አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ጎማው ከመሬት ለቀቀ። አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን ነገር በስምንት ጨርሰነዋል። ደቂቃ ግን አውሮፕላኑ ሲነሣ አላየም። ክፍል ውስጥ ሆኖ ከማዶ መቆጣጠሪያ ማማ ጋር በስልክ ይጨቃጨቅ ነበር።

«አምስት ሰዓት ከሦስት ላይ ይደርሱብሃል። ሕመምተኛ ይዘዋል። ቀጥታ አስገባቸው።»

«ቅጹ ላይ ሕመምተኛ አላልክም» ይላል የማማው ሰው።

«አሁን እልሃለሁ።»

«አምስት ሰዓት ላይ ትልቁ አውሮፕላን አለብኝ። መቶ ሃያ ሰው ይዟል። እሱን ሰማይ ላይ ላዙረው?»

«አዎ። አዙረው።»

«ለአንተ መናገር ቀላል ነው።»

«አይደለም» አለ ደቂቃ። «ወንድሜ፣ እመነኝ፣ ዛሬ ለኔ መናገር ቀላል አይደለም። መቶ ሃያው ሰው ሁሉ የሚተነፍሰው አየር አለው። የኔ ሰው የለውም።»

«እሺ። አዞረዋለሁ።»

«አምቡላንሱስ የት ነው የሚቆመው?»

«እንደ ሁልጊዜው ውጭ በሩ ላይ።»

«ጎማው ሥር ይምጣ። ኦክስጅኑን ይዞ።»

«በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እኮ ያለ ደብዳቤ መኪና አያስገባም። የኔ ሰው አይደለም፣ አልታዘዘውም።»

«ለምነው እንግዲያው። ዘበኛም እናት አለችው።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ ከባዱም እሱ ነው። ባለቤታቸው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። እኔም ሚዛኔ ላይ ክንዴን አስደግፌ የማውቀውን ሁሉ ጸለይኩ፤ የማላውቀውንም እንደ መጣልኝ ጨመርኩበት። ውሃ ቀድቼ ለባለቤታቸው ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን ይዘውት ቆዩ እንጂ አልጠጡትም።

«ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው» አሉኝ ድንገት። «ታምሜያለሁ አይልም። ማክሰኞ ዕለት እያቃሰተ የጀመራትን ጀልባ እንጨት ይልጋል። ተው ስለው ‹ሰሌዳዋ ትጣመማለች› ይለኛል። እኔ ብጣመም ግን ግድ የለውም!»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ ሦስት ላይ ሬዲዮው ተንጫረረ። የአብራሪው ድምፅ ነበር፤ ይቆራረጣል። «ግማሹን አልፈናል። በጣም ያንገጫግጫል። መለኪያው ሰማንያ ስምንት ወርዶ ነርሷ ወደ አሥር መልሳዋለች።»

ደቂቃ «ገብቶኛል» ብሎ ሬዲዮውን አስቀመጠ። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ አዲስ ሒሳብ ሠራ። ባለቤታቸው ዐይናቸውን ከጀርባው አልነቀሉም።

«ስንት ቀረው?» አሉት።

ዞረ። ሲዋሽ አላየሁትም፤ ያን ጊዜም አልዋሸም። «በልኩ ከሄዱ፣ ከደረሱ በኋላ ሰባት ደቂቃ ይተርፈዋል እትዬ።»

«በልኩ ካልሄዱስ?»

«ያ እንዳይሆን ነው ቁጭ ብለን የምንለምነው።»

አምስት ሰዓት ሆነ። አንድ አለፈ። ሁለት አለፈ። ሦስት ሲል ደቂቃ ከወንበሩ ተነሥቶ ስልኩ ላይ እጁን ዘረጋ፤ አልነካውም፤ ከላዩ ዘርግቶ ያዘው። አራት ሲል ስልኩ ጮኸ። ገና አንዴ ሳይጨርስ አነሣው። የማማው ሰው አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፤ ደቂቃም ያችኑ ቃል በሙሉ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ደገማት።

«አረፉ! አረፉ!»

ብርጭቆው ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ባለቤታቸው ከወንበሩ ተንሸራትተው ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ባሌን!» ብለው ሲጮኹ ውጭ የነበረው ሾፌር እየሮጠ ገባ።

እኔም እንደሳቸው ነበር የሰማሁት፤ እዋሻለሁ እንዴ? ሚዛኑ ላይ ተቀመጥኩ። አንጋፋ ሰው ሲሞት «አረፉ» እንላለን፤ አውሮፕላን መሬት ሲነካም እንዲሁ እንላለን። ሃያ ሁለት ዓመት ደቂቃ ያችን ቃል በቀን አራት ጊዜ ደብተሩ ላይ ሲጽፋት አንድም ቀን ሌላ ትርጉም እንዳላት ትዝ ብሎት አያውቅም።

ጠረጴዛውን ዞሮ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። «አውሮፕላኑ! እትዬ፣ አውሮፕላኑ ነው! ጎማው ነው መሬት የነካው! እሳቸውን አላልኩም!»

ጩኸታቸው በመሃል ተቆረጠ። ቀና ብለው በእንባ አዩት። «እሱስ?»

ደቂቃ ዞሮ ስልኩን አየ።

«እሱስ ነው የምልህ! ይተነፍሳል?»

«እሱን… እሱን ገና አላውቅም። ከማማው የሚታየው አውሮፕላኑ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል!» ብለው ደረቱን በቡጢ መቱት። ሁለተኛም መቱት። አልሸሸም። እዚያው ተንበርክኮ ቆየ። እኔና ሾፌሩ ደግፈን ወንበሩ ላይ መለስናቸው፤ እሱ ግን ከወለሉ የብርጭቆ ስባሪ በእጁ እየለቀመ ቀረ። ጣቱ እየደማ ነበር፤ ያወቀው አይመስለኝም።

ያች ሰባት ደቂቃ ከአርባ አንዱ ትረዝማለች። ደቂቃ ራሱ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «ርቀቱን አውቀዋለሁ፣ ነፋሱን አውቀዋለሁ። ከጎማው እስከ አምቡላንሱ ያለው ስንት እርምጃ እንደሆነ ግን በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም።»

አምስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ደቂቃ አየውና ለባለቤታቸው ምልክት ሰጣቸው። ራሳቸው መጥተው እንዲያነሡት ነው። እያነከሱ መጡ። መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይተነፍሳል?» አሉ፤ ሰላምታም የለ፣ ማን ልበልም የለ።

የነርሷ ድምፅ ነበር፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም። «ይተነፍሳሉ እትዬ። ደርሰናል። አምቡላንሱ ጎማው ሥር ነበር። የሲሊንደሩ መለኪያ ቀዩ ላይ ገብቶ ነበር፤ ቀዩ ላይ፣ ግን ቀየርነው። አሁን መኪናው ውስጥ ነን፤ እጄን ይዘዋል፣ አልለቅ ብለውኛል።»

ባለቤታቸው መነጋገሪያውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ተመስገን» አሉ። አንዴ ብቻ። ደቂቃ ወደ ካርቶኑ መስኮት ዞሮ ቆመ። የሚታይ ነገር የለም ካርቶኑ ላይ። አልጠራሁትም።

ያ ዘበኛ ማን እንደሆነ፣ በሩን ለምን እንደከፈተ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ፈጣሪ ይባርከው። የማማውን ሰው ስንጠይቀው «በእናትህ አልኩት፣ ሌላ ምንም አላልኩትም» ነው ያለን። መቶ ሃያው ሰው ደግሞ አንድ ዙር ሰማይ ላይ ዞረው፣ ለምን እንደዞሩ ሳያውቁ ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ነፋሱ ትንሽ በረደ። የከሰዓቱ በረራ ሊነሣ ሲል ባለቤታቸው ትንሽ ዘንቢል ይዘው መጡ። እኔ ስመዝናቸው ደቂቃ ቅጹን ይዞ ከጎኔ ቆመ። ዐይናቸውን ከእሱ ላይ አንሥተው ነበር፤ ጠዋት የመቱት ያሳፈራቸው ይመስላል።

«ስንት ደቂቃ ነው?» አሉት በመጨረሻ፣ ዘንቢሉን እያዩ።

«ወዴት እትዬ?»

«ወዴት ይሆናል! ወደሱ ነዋ።»

ደቂቃ ወረቀት አላየም። እዚያው ቆሞ በጣቱ ቆጠረ። «ሲሳፈሩ አሥር። በረራው አርባ አራት። ከበሩ ታክሲ እስኪያገኙ አሥር። ወደ ሆስፒታሉ ሃያ። ደረጃው በዚህ ጉልበት አምስት ይወስዳል። አንድ ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ። አልጋው አጠገብ ሲደርሱ ነው የምለው።»

ቀና ብለው አዩት። ሊናገሩ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ነበረች፤ «ካላናገርኳት ብለው አስቸገሩኝ፣ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ» ብላ ስልኩን ወደ ጀልባ ሠሪው አስጠጋችው። ባለቤታቸው መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። እኛ የምንሰማው የኦክስጅኑን ፉጨት ብቻ ነበር። ፊታቸው በመጀመሪያ ለስላሳ ሆነ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየተቋጠረ ሄደ።

«ምን?» አሉ። «ምን አልክ? ጀልባዋን?… አዎ፣ ውጭ ናት፣ የት ልትሆን ነው… ሰውየው! ከሞት አፍ ወጥተህ የመጀመሪያ ቃልህ ይኸ ነው? ደህና ነሽ ወይ የለ! ጉልበትሽ እንዴት ነው የለ!» መነጋገሪያውን ወደ ደቂቃ ወረወሩት ማለት ይቻላል። እያለቀሱ ነበር፤ እየተቆጡም ነበር። «ዝናብ ሳይመጣ ሸራ አልብሷት ይለኛል! ያልተቀባ ጎኗ ውሃ ይጠጣል ይለኛል!»

ደቂቃ መነጋገሪያውን ተቀበለ። «እናለብሳታለን ጋሼ» አለ። «እኔና መዛኙ። ዛሬውኑ።»

ባለቤታቸው ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ አውሮፕላኑ አነከሱ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ዞረው «ሸራው ከጓሮ በር በስተኋላ ነው! ገመዱን እንዳትበጥሱት፣ አዲስ ነው!» ብለው ጮኹብን።

ሥራ ስንጨርስ ወደ ጀልባ ሠሪው ግቢ ሄድን። ጀልባዋ ግማሽ አካሏ የተላገ፣ ግማሹ ገና ሻካራ ሆና ምሰሶዎቹ ላይ ተደግፋለች። እሷም የምትጠብቃቸው ትመስላለች። ሸራውን ስንዘረጋ ነፋሱ ነጥቆ አጥሩ ላይ ሊወስደው ሲል ደቂቃ ጫፉን ይዞ ተንጠለጠለበት፤ እግሩ ከመሬት ለቀቀ። ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ድንጋይ አምጣ!» አለኝ እንደተንጠለጠለ። «አራት ድንጋይ! ፍጠን እንጂ!»

ድንጋይ ፍለጋ ሮጥኩ።